ቤቱ፣ ቤቲ፣ ቤቴ፦ ምስላዊ ተግባቦትንና መልቲሚዲያ ዲዛይንን በማስተርስ ደረጃ ስለመማር

ለሁለተኛ ዲግሪ ለሚዘጋጁ ዲዛይነሮች የተደረገ ንግግር፣ ለንባብ ተስተካክሎ የቀረበ

እንደምን ዋላችሁ። ከመጀመራችን በፊት ስልካችሁን አውጡና ማስታወሻው ላይ ሦስት ቃላት በተርታ ጻፉ፦ ቤቱ፣ ቤቲ፣ ቤቴ። አሁን ክንዳችሁን ዘርግታችሁ ስልኩን አርቃችሁ ያዙት፤ የየቃሉን የመጨረሻ ፊደል ብቻ ተመልከቱ። ካዕቧ «ቱ» ጭረቷ ወገቧ ላይ ስለሆነ ከሩቅም ትለያለች። ሣልሷ «ቲ» እና ኃምሷ «ቴ» ግን ሁለቱም ምልክታቸው እግራቸው ሥር ነው፤ የአንዷ ጭረት፣ የአንዷ ቀለበት። ፊደሉ ሲያንስ ቀለበቱ ይደፈንና ጭረት ይመስላል። ያኔ «ቤቴ» የሚለው «ቤቲ» ተብሎ ይነበባል፤ የራስ ቤት የሴት ልጅ ስም ሆኖ ቁጭ ይላል።

በቁጥር እንየው። አንድ ፊደል ስክሪን ላይ 16 ፒክሰል ቁመት አለው እንበል። የኃምሱ ቀለበት የቁመቱን ሩብ ቢይዝ 4 ፒክሰል ነው። የቀለበቱ ግድግዳ በግራም በቀኝም አንድ ተኩል ፒክሰል ቢወፍር 3 ፒክሰል ሄደ፤ ለመሀሉ ነጭ የሚተርፈው 1 ፒክሰል ብቻ። ያንኑ ፊደል ቦልድ አድርጉት፤ ግድግዳው ሁለት ሁለት ፒክሰል ሲሆን ለመሀሉ የሚቀር ነገር የለም። ጥራት ያለው ስክሪን እያንዳንዱን ነጥብ መልሶ ስለሚከፋፍለው ችግሩን ይደብቀዋል። በርካሽ ስልክ፣ በተጨመቀ ቪዲዮ፣ በትልልቅ አምፖል ነጥቦች በተሠራ የመንገድ ዲጂታል ሰሌዳ ላይ ግን ቀለበቱ በእርግጥ ይጠፋል።

በዚህ የጀመርነው የማስተርስ ጥያቄ ምን እንደሚመስል በዓይን እንድታዩት ነው። የመጀመሪያ ዲግሪ መሥራትን ያስተምራል። ሁለተኛ ዲግሪ ደግሞ «ይህ ዲዛይን ከዚያኛው ይሻላል» ስትሉ «በምን አወቃችሁ?» ብሎ ይጠይቃል። ፎቶሾፕን፣ ኢለስትሬተርን፣ አፍተር ኢፌክትስን ለመልመድ ብሎ ማስተርስ የሚገባ ሰው ሁለት ዓመቱን ያለ ቦታው ያውላል፤ ያንን በጥቂት ወራት ትጉህ ልምምድ ቤቱ ተቀምጦ ያገኘዋል። ፕሮግራሞቹ በየዓመቱ ይለወጣሉ። አንባቢ ዓይኑን የት እንደሚያሳርፍ፣ ምን ላይ እንደሚሳሳት፣ ለምን እንደሚሳሳት ለማወቅ የሚያስችለው ዘዴ ግን አብሯችሁ ይቆያል።

አብዛኛው የመመረቂያ ጽሑፍ የሚወድቀው ገና ርዕሱ ላይ ነው። «የአዲስ አበባ የማስታወቂያ ሰሌዳዎች የዲዛይን ችግሮች» የሚል ርዕስ ብዙ ጊዜ ይቀርባል። ይህ ርዕስ ለአንድ ትልቅ ቡድን የአሥር ዓመት ሥራ ነው። የቱ ሰሌዳ? ማን የሚያነበው? ቆሞ ነው ወይስ ታክሲ ውስጥ ሆኖ? ችግር የምንለው አለመነበቡን ነው፣ በስሕተት መነበቡን ነው ወይስ መረሳቱን? እነዚህን ጥያቄዎች አንድ በአንድ ስትመልሱ ርዕሱ ይጠባል። ወደ ጀመርንበት ስንመለስ፣ ጥያቄው ይህን ይመስላል፦ «በስልክ ስክሪን ላይ፣ በ3 ሚሊ ሜትር የፊደል ቁመት፣ የኃምስን ቀለበት ማስፋት ሣልስና ኃምስ የሚምታቱበትን ስሕተት ይቀንሳል ወይ?» አንድ ነገር ይለወጣል፣ አንድ ነገር ይለካል። ከሁሉም በላይ ደግሞ መልሱ «አይቀንስም» ሊሆን ይችላል። «አይ» ተብሎ ሊመለስ የማይችል ጥያቄ ምኞት እንጂ ጥያቄ አይደለም፤ አማካሪያችሁ ዘንድ ከመቅረባችሁ በፊት በዚህ ወንፊት አበጥሩት።

የፊደሉን ታሪክ ለምን ታጠናላችሁ? ለመግቢያ ምዕራፍ ማሟያ ብቻ ከሆነ ይቅር። ቅርጹ ከየት እንደመጣ ካላወቃችሁ ግን ስታሻሽሉት ታበላሹታላችሁ። ቁም ጽሕፈት የመቃ ብዕር ልጅ ነው። የብዕሩ አፍ ጠፍጣፋ ስለሆነ የቆመው መስመር ወፍራም፣ አግዳሚው ቀጭን ይወጣል። ጸሐፊው ብራናው ላይ ያለ ቀለም፣ በጫና ብቻ መስመር ያሰምራል፤ ቅዱሳን ስሞችን በቀይ ይለያል። ማጉላት ሲፈልግ ቀለም ይለውጣል እንጂ ፊደሉን አያወፍርም፣ አያዘነብልም። እንግዲህ ዛሬ «ቦልድ» እና «ኢታሊክ» ብለን የምንጭናቸው ልማዶች ከላቲን ፊደል የመጡ ናቸው። ኮምፒውተሩ የቦልድ ፋይል ሳያገኝ ሲቀር ፊደሉን ዙሪያውን በእኩል መጠን ያወፍረዋል፤ ቀጭን መሆን የነበረበት አግዳሚ ይወፍራል፣ ቀለበቱ ይደፈናል። የብዕሩን ሥራ የሚያውቅ ዲዛይነር ግን ክብደቱን የሚጨምረው ቋሚው መስመር ላይ ነው፤ ቅጥያዎቹን፣ ማለትም ጭረቱንና ቀለበቱን፣ አየር ይተውላቸዋል።

ግዕዝ ማተሚያ ላይ የወጣው ቀደም ብሎ ነው። ዮሐንስ ፖትከን የተባለው ጀርመናዊ እ.ኤ.አ. በ1513 ሮም ውስጥ መዝሙረ ዳዊትን በግዕዝ አሳተመ፤ ቋንቋውን የተማረው እዚያው ከነበሩ ኢትዮጵያውያን መነኮሳት ነው። ከዚያ ብዙ ዘግይቶ ኢንጂነር አያና ብሩ የአማርኛውን የጽሕፈት መኪና ሲያስቡ የገጠማቸው ፈተና ቁልፉ ጥቂት፣ ፊደሉ ከ200 በላይ መሆኑ ነበር፤ መውጫው ፊደሉን ከነቅጥያው በቁራጭ መገጣጠም ሆነ። በጽሕፈት መኪና በተጻፈ አሮጌ ደብዳቤ ላይ ቅጥያው ከፊደሉ ተላቆ ወይም ተደርቦ የምታዩት ለዚህ ነው። ፊደላችን «ኢትዮጲክ» በሚል ስም እ.ኤ.አ. በ1999 በዩኒኮድ 3.0፣ ኮምፒውተሮች ፊደላትን በሚለዩበት የጋራ የኮድ ሠንጠረዥ፣ ሲካተት እያንዳንዱ ፊደል ከነአናባቢው አንድ ራሱን የቻለ ኮድ አገኘ። ይህ ለመልቲሚዲያ ትልቅ ጸጋ ነው። በዐረብኛ ወይም በሂንዲ ጽሑፍ ፊደላቱ እርስ በርስ ሲያያዙ ቅርጻቸው ስለሚለወጥ አኒሜሽን ላይ ፊደል በፊደል መነጠል ያስቸግራል። የኛ ፊደል ግን እያንዳንዱ ብቻውን ይቆማል፤ አንድ በአንድ ሊገባ፣ ሊወጣ፣ ሊዞር ይችላል። ከዩኒኮድ በፊት በነበሩ ፕሮግራሞች የተጻፉ ፋይሎችን ለጥናት የምትሰበስቡ ከሆነ ደግሞ መጀመሪያ መለወጫ ፈልጉ፤ አለዚያ የምትከፍቱት ትርጉም የለሽ የምልክት ክምር ነው።

እዚህ ላይ አንድ ልዩነት ማስመር ይገባል። ወሰኔ ወርቄ ኮስሮፍ በአዲስ አበባው የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ተመርቆ፣ በዋሽንግተኑ ሀዋርድ ዩኒቨርሲቲ ማስተርሱን የሠራ ሠዓሊ ነው፤ የግዕዝ ፊደልን ዘርግቶ፣ ሰብሮ፣ ገልብጦ የሥዕሉ አካል አድርጎታል። እዚያ ፊደሉ እንዲነበብ ግዴታ የለበትም፤ ውበቱም ከዚህ ነጻነት ይመጣል። የምስላዊ ተግባቦት ተማሪ ግን የመድኃኒት መጠን፣ የአውቶቡስ መስመር፣ የክትባት ቀን የሚያነብ ሰው ፊት ለፊቱ አለ። ሠዓሊ አለፈለገ ሰላም በቺካጎ ተምረው ተመልሰው የመሠረቱት፣ ዛሬ በስማቸው የሚጠራው ትምህርት ቤት ሥነ ጥበብንና ዲዛይንን በአንድ ጣሪያ ሥር ማድረጉ መልካም ነው፤ ሁለቱ ይመጋገባሉ። ግን ማስረጃ የሚቀርብባቸው መንገድ አንድ አይደለም። የዲዛይን ጥናት «ስሜቴን ገለጽኩበት» በሚል አይቋጭም።

አሁን ወደ ፍሬ ነገሩ፣ ወደ ሙከራው እንግባ። ብዙ ጎበዝ ዲዛይነር የሚሰናከለው እዚህ ስለሆነ ረዘም አድርገን እንሄድበታለን።

ሁለት የፊደል ቅርጽ አላችሁ እንበል፤ ነባሩና ቀለበቱን ያሰፋችሁለት። ሁለት መጠን ደግሞ አለ፤ ትንሽና መካከለኛ። ሁለት በሁለት አራት ሁኔታ ይሆናል። 24 አንባቢ ብትጠሩ እያንዳንዱ አራቱንም ያያል፤ ቅደም ተከተሉ ግን መለዋወጥ አለበት። አራት ዓይነት ቅደም ተከተል አዘጋጁና ስድስት ስድስት ሰው መድቡበት። ሁሉም ሰው ነባሩን ቀድሞ ካየ ሁለተኛው የሚሻለው ፊደሉ ጥሩ ስለሆነ ነው ወይስ ሰውየው ሙከራውን ስለለመደ? አይታወቅም። በተቃራኒው ደግሞ ሁሉም አዲሱን በስተመጨረሻ ካየ ድካሙ በአዲሱ ላይ ይቆጠራል።

በእያንዳንዱ ሁኔታ 40 ቃል ብታሳዩ ለአንድ ሰው 160 ቃል ይሆናል። ለአንዱ ቃል ከነመልሱ 4 ሰከንድ ቢሄድ ወደ 11 ደቂቃ ነው። የፈቃድ ቅጹ፣ የዓይን ፍተሻው፣ ልምምዱና እረፍቱ ሲጨመር ለአንድ ሰው ግማሽ ሰዓት ያዙለት፤ ለ24ቱ 12 ሰዓት። በአራት ቀን ከፋፍሉት፤ በአንድ ቀን ልጨርስ ያለ ሰው ከሰዓት በኋላ የሚሰበስበው መረጃ የራሱም ድካም አለበት። ቃሉ ስክሪኑ ላይ የሚቆይበት ጊዜ እኩል መሆን ስላለበት በእጅ አታስኪዱት፤ ሳይኮፓይ የሚባለው ነጻ ፕሮግራም ለዚህ ይሆናል። ምስሉን በሰከንድ 60 ጊዜ በሚያድስ፣ 60 ኸርዝ በሚባል ስክሪን አንዱ ምስል ማለትም አንድ ፍሬም 16.7 ሚሊ ሰከንድ ገደማ ነው፤ 200 ሚሊ ሰከንድ የፈለገ 12 ፍሬም ብሎ ያዝዛል። 190 ወይም 210 ብላችሁ ብታዝዙ ስክሪኑ ፍሬምን ለሁለት ስለማይከፍል ወደሚቀርበው ያጠጋጋዋል፤ እናንተ የጻፋችሁትና አንባቢው ያየው ይለያያል።

የቃል ምርጫው ጥንቃቄ ይፈልጋል። ሰም እና ስም፣ በር እና ብር፣ ቤቱ፣ ቤቲና ቤቴ ጥሩ ጥንዶች ናቸው፤ ልዩነታቸው አንዲት ጭረት ወይም ቀለበት ናት። ግን «ቤቱ» የዕለት ተዕለት ቃል ነው፣ «ቤቲ» ስም ናት። አንባቢው ሳይታየው ሲቀር የሚገምተው የሚያዘወትረውን ነውና የተሳሳተውን በትክክል ያየ ያስመስለዋል። ስለዚህ የተዘወተረው ቃል ትክክለኛ መልስ የሚሆንበትና የማይሆንበት ብዛት እኩል ይሁን። ትርጉም የሌላቸው ግን በአማርኛ ድምፅ የተሠሩ ቃላትም ጨምሩ፤ እዚያ መገመት አይቻልም።

ብዙ ጥናት ዋጋ የሚያጣባቸው ሦስት ስሕተቶች አሉ። አንደኛው «ሁለቱም 16 ፖይንት ናቸው» ማለት ነው። የፖይንት መጠን የሚለካው ፊደሉ የተቀመጠበትን የማይታይ ሳጥን እንጂ ፊደሉን አይደለም። ሁለት የተለያዩ ፎንቶች በ16 ፖይንት ሲቀመጡ አንዱ በዓይን ገዝፎ፣ ሌላው አንሶ ይታያል። «በ»ን በሁለቱም ጻፉና ስክሪኑ ላይ በማስመሪያ በሚሊ ሜትር ለኩ፤ የሚታየው ቁመት እስኪተካከል ፖይንቱን አስተካክሉ። ሁለተኛው ሳያውቁት የሚሆነው የፎንት መተካካት ነው። ያዘዛችሁት ፎንት አንዲት ፊደል ቢጎድለው ስልኩ ወይም ብራውዘሩ ሳይነግራችሁ ከሌላ ፎንት ይበደራል፤ ፎንቱ ጨርሶ ካልተጫነ ደግሞ ሁሉንም ይተካል። በነባርና በአዲስ ፊደል መካከል ልዩነት አልተገኘም የሚል ውጤት ሲመጣ መጀመሪያ መጠርጠር ያለበት ይህ ነው፤ ሁለቱም ጊዜ ያሳያችሁት አንድ ፎንት ሊሆን ይችላል። መከላከያው ቀላል ነው፦ አዲሱ ፎንት ውስጥ አንዲት የማትፈለግ ፊደል ላይ ጎላ ያለ ምልክት ሳሉ፤ ሙከራው ሲጀመር እሷን ፊደል አሳዩ፤ ምልክቱ ከታየ ፎንቱ ሠርቷል። ሦስተኛው ብርሃን ነው። የስልኩን ብርሃን በራሱ የሚያስተካክለውን አጥፉት፣ የሌሊት ቀለሙንም አጥፉት፣ አንባቢው ለመስኮት ጀርባውን ሰጥቶ አይቀመጥ። ርቀቱን ደግሞ 40 ሴንቲ ሜትር የሆነ ክር ከስልኩ መያዣ አስራችሁ በየመሀሉ ለኩ፤ ሰው ሲቸግረው ሳያስበው ፊቱን ያስጠጋል።

ከ24ቱ በፊት በሦስት ሰው ሞክሩት፤ የእነሱን ውጤት አትቁጠሩ። የስታቲስቲክስ ባለሙያ የምታማክሩትም መረጃ ከመሰብሰባችሁ በፊት ይሁን። ከተሰበሰበ በኋላ ለሄደ ሰው ባለሙያው ሊያደርግለት የሚችለው ነገር ጥቂት ነው።

ቅርጹን ስትሠሩ ፊደሉን ሁሉ ለመሳል አትነሱ። ሠላሳ ሦስቱ ፊደላት በሰባት ሲባዙ 231 ናቸው፤ ዲቃሎቹ ሲጨመሩ ይበዛሉ። ለመመረቂያ የተዘወተሩ 12 ፊደላትን ከነሰባት ቤታቸው መሳል ይበቃል፤ 84 ቅርጽ ነው። ፎንትፎርጅ ነጻ ነው፣ ይሠራል። በመጀመሪያ ግዕዙን፣ ቀጥሎ ሳድሱን ሳሉ፤ ሳድስ በየፊደሉ የተለያየ ጸባይ ስላለው ሥርዓታችሁን ቀድሞ የሚፈትነው እሱ ነው። ካዕብና ሣልስ ቀላል ናቸው። ኃምስ ላይ ሦስት አማራጭ ሞክሩ፦ ቀለበቱን ማስፋት፣ ቀለበቱን በአንድ ጎን መክፈት፣ ወይም ቀለበቱን ሳይነኩ የሣልሱን ጭረት ማስረዘም። ሦስተኛው ብዙ ጊዜ አይታሰብም፤ ሁለት ነገሮች ሲምታቱ አንዱን ማጉላት ብቻ ሳይሆን ሌላውን ማራቅም መንገድ ነው።

ወደ ቪዲዮ እንሻገር። የግርጌ ጽሑፍ፣ ሰብታይትል የምንለው፣ ለአማርኛ ገና ያልታረሰ መሬት ነው። በላቲን ፊደል ለሚጻፉ ቋንቋዎች የተለመደው ልክ በአንድ መስመር እስከ 42 ፊደል፣ ቢበዛ ሁለት መስመር ነው። ይህን ልክ ገልብጦ ወደ አማርኛ ማምጣት ስሕተት ነው። «ኢትዮጵያ» በኛ 5 ፊደል ነው፣ በእንግሊዝኛ 8። «አዲስ አበባ» በኛ 6፣ በእንግሊዝኛ 10። የኛ አንድ ፊደል ተነባቢና አናባቢ ስለተሸከመ 42 ፊደል እጅግ ብዙ ንግግር ነው፤ ወርዱም ሰፊ ስለሆነ ከስክሪኑ ይወጣል። በሰከንድ ስንት ፊደል ይነበባል የሚለውም እንደዚሁ እንደገና መለካት አለበት። ይህ ብቻውን ጥሩ የማስተርስ ጥያቄ ነው።

ከቁጥሩ ይልቅ ግን የሚከብደው የአረፍተ ነገሩ አሠራር ነው። በአማርኛ ግሡ መጨረሻ ላይ ነው፤ አዎንታም አሉታም የሚታወቀው እዚያ ነው። «ትናንት ከወንድሟ ጋር ወደ ገበያ» ብላችሁ አንድ ስክሪን ላይ ካስቀመጣችሁና «አልሄደችም» የሚለውን ወደ ቀጣዩ ካሳለፋችሁ፣ ተመልካቹ ለሁለት ሰከንድ ያህል መሄዷን አምኖ ይቆያል። ተዋናዩ ደግሞ ፊቱ ላይ አለመሄዷን አስቀድሞ አሳይቷል። ስለዚህ አረፍተ ነገሩን ቁረጡ፣ አጭር አድርጉት፣ ግሡ በዚያው ስክሪን ይግባ። እንደ «ዝም አለች»፣ «ብድግ አለ» ያሉትን ጥምር ግሦች በሁለት መስመር አትክፈሉ፤ «አለች» ብቻዋን ሁለተኛው መስመር ላይ ስትወድቅ «ተናገረች» ወይም «በሕይወት አለች» ትመስላለች። እንደ «ስላልተመለሰችልን» ያለ ቃል 10 ፊደል ሆኖ ለብቻው ሐረግ ነው፤ ወደ ታች ሲወርድ ከላይ ትልቅ ክፍተት ይተዋል። በጠባብ ዓምድ ላይ ጽሑፉን በግራም በቀኝም እኩል ማድረግ የማይመከረውም ለዚሁ ነው፤ ቃላቱ ረጅም ስለሆኑ በመካከላቸው ጉድጓድ ይፈጠራል። በግራ አስተካክላችሁ የቀኙን ልቀቁት። ውጭ አገር አድጎ አማርኛ በጆሮው የሚረዳ፣ ፊደል ሲያነብ ግን የሚዘገይ ወጣት ተመልካችም አለ፤ ለእሱ የሚሆነው ፍጥነት ሌላ ሊሆን ስለሚችል በናሙናችሁ ውስጥ ለዩት።

የሥርዓተ ነጥብ ነገርም አለ። አራት ነጥብን «።» በአንድ ቁልፍ ከመምታት ይልቅ ሁለት ነጥብን ሁለቴ ደርድሮ «፡፡» የሚጽፍ ብዙ ነው። በዓይን አንድ ይመስላሉ። ዲዛይነሩ የፊደሉን ርቀት ከፈት ሲያደርገው ግን ሁለቱ ይራራቃሉ፤ በፍለጋም አይገኙም። ጽሑፍ ስትረከቡ መጀመሪያ ይህን ፈልጋችሁ ተኩ።

ስለ ቀረጻ ጥቂት ብቻ። የኛ ኤሌክትሪክ 50 ኸርዝ ስለሆነ የክፍል ውስጥ መብራት በሰከንድ 100 ጊዜ ይርገበገባል። ካሜራው በሰከንድ 30 ፍሬምና በ1/60 ሰከንድ ሹተር (ለእያንዳንዱ ፍሬም ብርሃን የሚያስገባበት ጊዜ) ሲቀርጽ ጥቁር ባንዶች ምስሉ ላይ ይንሸራተታሉ፤ በኋላ ማጥፋት አድካሚ ነው። 25 ፍሬም፣ ሹተር 1/50 አድርጉ፤ አበቃ። ድምፅ በ48 ኪሎ ኸርዝ ይቀረጽ። ማይክሮፎኑ ከአፍ ከ15 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር ይራቅ፣ ከአፍ ትይዩ ሳይሆን ትንሽ ወደ ጎን ይሁን፤ ጠ፣ ጨ፣ ጰ፣ ቀ ስለታም ምት ስላላቸው ደረጃውን ከፍ አድርጎ የቀረጸ ሰው ድምፁ ይሰነጠቅበታል። ለቀረጻው ድምፁን ለሚያነበው ሰው የሚሰጠው ጽሑፍ ላይ የሚጠብቁትን ፊደላት ምልክት አድርጉባቸው፤ «ገና» የበዓሉ ነው ወይስ «ገና አልመጣም» የሚለው፣ ፊደሉ አይነግረውም። የፋይል ክብደትም የዲዛይን ጉዳይ ነው። በሰከንድ ወደ 5 ሜጋቢት የተጨመቀ ቪዲዮ በደቂቃ 37.5 ሜጋባይት ይበላል፤ በ1.5 ሜጋቢት ደግሞ 11 ሜጋባይት ከሩብ ገደማ። የሞባይል ዳታ እየቆጠረ የሚያይ ሰው ሁለተኛውን ነው የሚከፍተው፤ እንግዲህ ቀለበቷ የምትፈተነው በሁለተኛው ላይ ነው።

ቀለምን በተመለከተ ዓይናችሁን ብቻ አትመኑ፤ አስሉ። ለድረ ገጽ ተደራሽነት የተቀመጠው ደንብ ለመደበኛ ጽሑፍ ቢያንስ 4.5 ለ1 ንፅፅር ይጠይቃል። በንጹሕ ቀይ ላይ ነጭ ጽሑፍ 4 ለ1 ገደማ ነው፤ አያልፍም። በነጭ ላይ ንጹሕ ቢጫ 1.07 ለ1 ነው፤ የለም ማለት ይቻላል። አረንጓዴ ላይ ቀይ ጽሑፍ ደግሞ ቀለሙ የተለያየ ቢመስልም የብርሃን መጠናቸው ብዙ ጊዜ ስለሚቀራረብ ፊደሉ ይርገበገባል፤ ቀይና አረንጓዴን መለየት ለሚቸግረው ሰው ጨርሶ ይጠፋል። ሦስቱን የሰንደቅ ዓላማ ቀለማት በፖስተር ላይ መጠቀም የሚወድ ሰው ቀለማቱን ለመደብና ለጌጥ ያውላቸው፤ ጽሑፉን ጥቁር ወይም ነጭ ያድርገው።

ለግድግዳ ፖስተር መነሻ የሚሆን ስሌት፦ የማንበቢያውን ርቀት ለ200 አካፍሉ። ለ20 ሜትር 10 ሴንቲ ሜትር ቁመት ይሆናል። ይህ መነሻ ነው እንጂ ለግዕዝ የተፈተነ ልክ አይደለምና በቦታው ቆማችሁ አረጋግጡ። ኅትመት ላይ ትንንሽ ጽሑፍ በጥቁር ቀለም ብቻ ይታተም፤ ከአራት ቀለም የተቀላቀለ ጥቁር አራቱ የማተሚያ ሰሌዳዎች በ0.2 ሚሊ ሜትር እንኳ ሲዛነፉ የቀለበቷን መሀል ይሞላዋል። ከጥቁር መደብ ላይ ነጭ አድርጎ የሚወጣ ጽሑፍም ቀለሙ ወደ ውስጥ ስለሚሰፋ ከሌላው ጊዜ ትንሽ ገዘፍ ይበል።

ለመግቢያ የሚጠየቀው የሥራ ስብስብ ላይ ተማሪዎች ብዛት ይወዳሉ። 40 ሎጎ ከማቅረብ 10 ሥራ ከነሂደቱ ማቅረብ ይሻላል፤ የተጣለው ንድፍ፣ የተጣለበት ምክንያት፣ ከደንበኛው ወይም ከአንባቢው የተገኘው አስተያየት፣ በመጨረሻ የተለወጠው ነገር። መራጮቹ የሚፈልጉት እንዴት እንደምታስቡ ማየት ነው። የውጭ አገር ትምህርት የሚያስቡ ደግሞ የእንግሊዙን ሬዲንግ ዩኒቨርሲቲ የፊደል ዲዛይን ማስተርስ ይመልከቱ፤ ከላቲን ውጭ ያሉ ፊደላትን በጥልቀት የሚይዝ ነው።

ጊዜን በተመለከተ፣ በሁለት ዓመት ውስጥ የመጀመሪያው መንፈቅ ለንባብና ለምርምር ዘዴ፣ ሁለተኛው ለፕሮፖዛልና ለሦስት ሰው ሙከራ፣ ሦስተኛው ለስቱዲዮ ሥራውና ለዋናው ሙከራ፣ አራተኛው ለጽሕፈት ይሂድ። ሁልጊዜ የሚያጥረው የአራተኛው መንፈቅ ጊዜ ነው፤ ስለዚህ ቢያንስ 10 ሳምንት ለጽሕፈት ብቻ አስቀምጡ፣ የሠራችሁትንም በየሳምንቱ አንድ ገጽ እየጻፋችሁ ሂዱ። ፋይላችሁ በሦስት ቅጂ፣ በሁለት ዓይነት ማስቀመጫ፣ አንዱ ከምትኖሩበት ቤት ውጭ ይሁን። ቅጂው እንደሚሠራ በየወሩ ከፍታችሁ እዩ፤ ተከፍቶ የማያውቅ ቅጂ ቅጂ መሆኑ አይታወቅም።

በመጨረሻ ስለ ፎንቱ መብት። ነባር ፎንት ላይ ተነስታችሁ የምትሠሩ ከሆነ ፈቃዱን ቀድማችሁ አንብቡ። ኖቶ ሳንስ ኢትዮጲክ እና አቢሲኒካ ኤስአይኤል በክፍት የፎንት ፈቃድ የተለቀቁ ናቸው፤ ማሻሻልም ማሠራጨትም ይፈቀዳል፣ የተሻሻለው በዚያው ፈቃድ እስከወጣ ድረስ። ፎንቱ የተጠበቀ ስም ካለው ግን የእናንተ በሌላ ስም መጠራት አለበት። ስታስረክቡ የፎንቱን ምንጭ ፋይል፣ የ160ውን ቃል ዝርዝር፣ የአራቱን ቅደም ተከተል ሠንጠረዥና ስም የሌለበትን የመልስ ሰንጠረዥ በአንድ አቃፊ አድርጋችሁ ከጽሑፉ ጋር አስቀምጡ፤ ቀጣዩ ተማሪ ከ12ቱ ፊደላት ቀጥሎ ያሉትን 21 ከዚያው ይጀምራል።